ሶላር በአንድ የጅማ ቤት ጣሪያ ላይ፦ ከ3 ዓመት ደብተር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

በቤታችን የቆጣሪ ሳጥን ሥር፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ደብተር አለ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት፣ የባትሪው ቮልቴጅ፣ ቀኑ ፀሐያማ ወይም ደመናማ መሆኑ በየዕለቱ ተመዝግቦበታል። መጀመሪያ ላይ የምጽፈው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኋላ ባለቤቴም ልጆቻችንም ለመዱት። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም እኛ በሌለንበት መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን በቃሏ ይዛ ትቆይና ማታ ታስመዘግበናለች፤ ከሁላችንም ይበልጥ ትክክለኛው መዝገብ የእሷ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጽሑፍ የተመሠረተው በዚያ ደብተር ላይ ሲሆን፣ የሚመለከተውም አንድ ቤት ብቻ ነው።

ቤቱ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የሚገኝ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ የጭቃ ቤት ነው። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ አምስት ሆነን እንኖርበታለን። ሥራዬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ነው። ይህን ማንሣቴ ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም፤ ስለ ኤሌክትሪክ በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሰው እንኳ በራሱ ጣሪያ ላይ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አንባቢው ከወዲሁ እንዲያውቀው ነው።

ሶላር ለማስገባት የተነሣነው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በ2014 ክረምት በሰፈራችን መስመር ላይ ዛፍ ወድቆ ሁለት ቀን ተኩል ያለ መብራት ስንቆይ፣ የሁለት ወር መድኃኒቷን በፌስታል አስረን፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠን፣ ጨርቁን በየሁለት ሰዓቱ ውኃ እያርከፈከፍን አደርን። መድኃኒቱ ይበላሽ አይበላሽ ማረጋገጥ ስላልቻልን በመጨረሻ ጥለን ሌላ ገዛን። ከከተማችን በስተሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ለቤት የሚደርሰው ኃይል የሚወሰነው በግድቡ ብቻ ሳይሆን፣ ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ቆጣሪው በተዘረጋው ገመድና በገመዱ ላይ ባጎነበሰው የባሕር ዛፍ ጭምር ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ በሚያገኝ፣ ነጎድጓድ በሚበዛበት አገር ያ ገመድ ብዙ ፈተና ያገኘዋል።

የገዛነው ዕቃ

በጥቅምት 2015 ከእቁብ በወጣልኝ ገንዘብ ላይ ከደመወዝ የተጠራቀመ ጨምረን 118,000 ብር አወጣን። ከዚህ ውስጥ 36,000 ብሩ ለአራት ባለ 250 ዋት ፓነሎች፣ 50,000 ብሩ ለሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪዎች (የእርሳስ ባትሪ ዓይነት ናቸው)፣ 18,000 ብሩ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ ለሚቀይር ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር፣ 4,000 ብሩ የባትሪውን አሞላል ለሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ቀሪው 10,000 ብር ደግሞ ለገመድ፣ ለብሬከር፣ ለብረት መቆሚያና ለእጅ ዋጋ የዋለ ነው።

በሶላሩ ላይ እንዲሠሩ የመደብናቸው ዕቃዎች ስድስት አምፖሎች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር እንዲሁም አንድ መካከለኛ ፍሪጅ ነበሩ። ሁሉም ተደምረው በቀን 1.9 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ብቻውን የሚበላው ፍሪጁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት እጅግ ያማሩ ነበሩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት የጅማ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ አየሩም አይግልም። ፓነል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 1,780 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻማ ከተማ ለፓነል ከቆላ የተሻለች ናት። ሆን ብዬ ጭነት እየጨመርኩ በለካሁባቸው የጥር ቀናት አራቱ ፓነሎች በቀን እስከ 3.6 ኪሎ ዋት-ሰዓት ሰጥተዋል። በዚያ ወር መብራት የጠፋው 6 ጊዜ፣ በድምሩ 9 ሰዓት ሲሆን፣ እኛ መጥፋቱን የምናውቀው ከጎረቤት በሚሰማው የልጆች ጩኸት ነበር። በአዘቦት ቀን ባትሪዎቹ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ስለሚሞሉ፣ ከዚያ በኋላ የምትወጣው ፀሐይ ለእኛ ምንም አታደርግም፤ ከመኖሪያ ቤት የተረፈውን ኃይል ወደ መስመሩ መልሰን የምንሸጥበት መንገድ አላገኘንም።

ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ፓነል

የመጀመሪያው ስሕተት የተፈጸመው በተከላው ዕለት ነው፤ የታወቀው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፓነሎቹን የተከለው ወጣት የብረት መቆሚያውን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ አዘንብሎ በየደው። ይህን ያህል መዝቀዝቀዙ ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቀው፣ «መምህር፣ አተካከሉ እንዲህ ነው፤ ቪዲዮውን ላሳይዎት?» አለኝ። ቪዲዮውን አየሁት፤ የተሠራበትን አገር ግን አልጠየቅሁም። 30 ዲግሪ የሚስማማው ከምድር ወገብ 30 ዲግሪ ያህል በስተሰሜን ለሚኖር ሰው ነው። ጅማ የምትገኘው በሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ ነው።

በሚያዝያ 2015 መጀመሪያ ተማሪዎቼን ግቢ አውጥቼ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ አስተከልኳቸው። በጅማ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 2 ቀንና ነሐሴ 27 ቀን አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ የእንጨቱ ጥላ ይጠፋል። በእኛ ሰዓት ቀትር የሚሆነው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥላው ሲጠፋ ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ፀሐይ ወደ ሰሜን እንደምትሻገርና የቀትር ጥላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ እያስረዳሁ ሳለ፣ ቤታችን አጠገብ የምትኖር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ ቤት ያለው ፓነል ታዲያ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቷል ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማታ ግን ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አልኩ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ሰኔ 14 ቀን የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ ያህል ታጋድላለች። ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ የዞረ ፓነል ብርሃኑን የሚቀበለው በ46 ዲግሪ ገደማ ጎን ለጎን ስለሆነ፣ ቀጥታ ሊያገኝ ከሚችለው 70 በመቶውን ብቻ ያገኛል። ያው ፓነል 10 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ኖሮ 90 በመቶ ያገኝ ነበር። በታኅሣሥ አጋማሽ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለ 30 ዲግሪው ሙሉውን ሲያገኝ ባለ 10 ዲግሪው 93 በመቶ ያገኛል። በሌላ አነጋገር፣ ትርፍ በሚባክንበት በበጋ 7 በመቶ ለመጨመር ስንል፣ እያንዳንዷ ጠብታ በምትፈለግበት በክረምት 20 በመቶ አጥተናል። ጅማ ውስጥ ሶላር የሚያስገባ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ፣ ፓነሉ ውኃና አቧራ እንዲወርድለት ያህል ጥቂት ብቻ ማዘንበል እንዳለበት ቢወስድ ይበቃዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት የአቦካዶ ዛፉ ነበር። በግቢያችን ምሥራቃዊ ጥግ እናቴ የተከለችው አቦካዶ አለ፤ አንዱ ቅርንጫፉ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ የሁለቱን ፓነሎች ጥግ ያጠላል። የመዳፍ ያህል ጥላ የመዳፍ ያህል ብቻ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ፓነል ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲታነቅ አብረውት የተሰለፉት ሁሉ ይታነቃሉ። አንድ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የመለኪያውን መንጋጋ ገመዱ ላይ አድርጌ፣ ልጄን መሰላል ላይ አውጥቼ ቅርንጫፉን በገመድ እንዲስበው አደረግሁ። ቅርንጫፉ ሲነሣ ከሁለቱ ፓነሎች የሚመጣው 3 አምፒር ወደ 8 ወጣ፤ ሲለቀው ተመልሶ ወረደ። እናቴ ከታች ሆና ታየን ነበር። «ዛፉን ልትቆርጡት ነው የምትመክሩት?» ብላ ጠየቀች፤ ማናችንም መልስ አልሰጠንም።

መቆሚያውን ወዲያው ማስተካከል ነበረብኝ። በብየዳ የተሠራ በመሆኑ፣ በያጁም ክረምት ሳይወጣ ጣሪያ ላይ መውጣት እንደማይወድ በመናገሩ፣ እኔም በመስነፌ ነገሩ እስከ ጥቅምት 2016 ሳይነካ ቆየ።

ሐምሌ

የዚህ ጉዳይ ዋና ቁም ነገር በሐምሌ 2015 የደብተር ገጾች ላይ ይገኛል። በዚያ ወር መብራት 19 ጊዜ ጠፋ፤ የጠፋበት ሰዓት ሲደመር 71 ሆነ። በዚያው ወር ፓነሎቹ በአማካይ በቀን 1.4 ኪሎ ዋት-ሰዓት ብቻ ሰጡ፤ ጧት የጀመረው ዝናብ እስከ ማታ ባላባራበት አንድ ማክሰኞ 0.6 ብቻ ተመዘገበ። ቤቱ የሚፈልገው 1.9 ነው። መስመሩን የሚጥለውና ፀሐይዋን የሚሸፍነው አንዱ ደመና ነው። ሶላር በበጋ ያሳየን ቸርነት በጥር ሳይሆን በሐምሌ ነበር መፈተን የነበረበት፤ ዕቃውን የገዛነው ግን በጥቅምት፣ በጠራ ሰማይ፣ ሻጩ ፓነሉን በር ላይ አውጥቶ አምፖል እያበራ ሲያሳየን ነው።

ጉድለቱን የተሸከሙት ባትሪዎቹ ናቸው። ሁለቱ ባትሪዎች ሲሞሉ 4.8 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይይዛሉ፤ ይሁንና የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 2.4 ብቻ ነው። ከዚህም የከፋው ሳይሞሉ መክረማቸው ነው። የእርሳስ ባትሪ ለሳምንታት በግማሽ ሆድ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠጥርና ኋላ ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝም አይለቅም። ባትሪዎቻችን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አንድም ቀን ጢም ብለው አልሞሉም፤ ኮንትሮለሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ያን ሁሉ ጊዜ ብልጭ ድርግም ስትል ከረመች።

በዚህ ላይ የካውያው ነገር ተጨመረ። የባለቤቴ ታናሽ እህት ለዕረፍት መጥታ በነሐሴ አንድ ማለዳ ልብስ ስትተኩስ መብራት ጠፋ፤ ኢንቨርተሩ ስለተረከበው እሷ ልዩነቱን አላየችም። ባለ 1,000 ዋት ካውያ ከባትሪው ከ40 አምፒር በላይ እየሳበ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ኢንቨርተሩ በማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲጮህ፣ ያን ድምፅ ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ ጠንቅቆ የሚያውቀው የሰባት ዓመት ልጄ ሄዶ ተጫነው። ማታ ስገባ ቮልቴጁ 21.8 ላይ ነበር። እንግዳዋን ማንም አልነገራትም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

በግንቦት 2016፣ 20 ወር ሳይሞላቸው፣ ባትሪዎቹ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሙሉ መስለው ታይተው በአምፖልና በዋይፋይ ብቻ 4 ሰዓት ሳይሆን ይወድቁ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ቀን ሞልቼ፣ የታወቀ ጭነት አድርጌ፣ እስኪጠፉ ለካኋቸው። ከ4.8 ኪሎ ዋት-ሰዓት የቀረው 0.7 ነበር። ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰዳቸው፤ ከመስጠቴ በፊት ሰብሮ ውስጣቸውን የትም እንዳይደፋ፣ እንዳሉ ለሚቀልጡበት ቦታ እንዲያስረክብ አስምዬዋለሁ።

ጋሼ ያዩት ገመድ

በመካከሉ የተከሰተ አንድ ነገር በአጭሩ መነገር አለበት፤ ከብር ጋር ባይገናኝም ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። የመጀመሪያው ተካይ የኢንቨርተሩን ኃይል ወደ ቤቱ ያስገባው ሁለቱም ጫፉ ወንድ (ሶኬት ውስጥ የሚሰካ) በሆነ ገመድ፣ በተራ ሶኬት በኩል ነበር። መብራት ሲጠፋ ዋናውን ብሬከር በእጅ ማውረድ፣ ከዚያ ገመዱን መሰካት ነው። ብሬከሩን ማውረድ የረሳ ሰው ኃይሉን ወደ ውጪው መስመር ይልከዋል፤ ትራንስፎርመሩም በተራው ከፍ አድርጎ ጠፍቷል ተብሎ ወደሚጠገነው ገመድ ያሳልፈዋል። ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን በጡረታ ላይ ያሉ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ገና ቡና ሊጠጡ መጥተው ያን ገመድ ሲያዩ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ ምሰሶ ላይ ነኝ፣ አንተ እዚህ ቴሌቪዥን ታያለህ፤ እንዲህ ነው ሐሳብህ?» አሉኝ። በነጋታው መስመሩንና ሶላሩን በአንድ ጊዜ ሊያገናኝ የማይችል፣ በራሱ የሚቀያይር ቼንጅኦቨር የሚባል ሳጥን ራሳቸው ቆመው አስገጠሙልን። ሶላር የሚያስገባ ሰው ስለ ዋት ከመጠየቁ በፊት ስለዚህች ሳጥን ቢጠይቅ ይሻላል።

የብሩ ሒሳብ

ሶላር የመብራት ሒሳብ ያቀልላል የሚባለውን ለማጣራት ቀላል ስሌት ሠርቻለሁ። ከሶላሩ በፊት በወር 180 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ተጠቅመን የምንከፍለው ከ300 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ሶላሩ በወር ከቆጣሪው ያነሣልን 50 ኪሎ ዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ በብር ሲተመን 90 ብር። 118,000 ብር በወር 90 ብር እየተመለሰ 109 ዓመት ይፈጃል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መደረጉን አውቃለሁ፤ ታሪፉ አራት እጥፍ ቢሆን እንኳ ዘመኑ ወደ 27 ዓመት ነው የሚወርደው። ፓነል 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የእኛ ባትሪ ግን ሁለተኛ ዓመቱን አልደፈነም። መስመር ያለው የጅማ ሰው ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ሶላር ቢያስገባ ሒሳቡ አይሠራለትም፤ ይህን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

ባትሪ የመተካቱ ጉዳይ ደግሞ ከባሰበት ጊዜ ጋር ገጠመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ25,000 ብር የገዛሁትን ዓይነት ባትሪ መስከረም ላይ ስጠይቅ 48,000 አሉኝ። ፀሐይዋ የጅማ ብትሆንም ባትሪው በዶላር ነው የሚመጣው።

በወጪው ዝርዝር ውስጥ የማይገባ ሌላ ጉድለት አለ፤ እሱም ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ ኢንቨርተራችን 2,000 ነው። ኢንቨርተሩ ቢችል እንኳ የአንድ ሳምንት እንጀራ ለመጋገር የሚያስፈልገው ኃይል ባትሪው ሊሰጠን ከሚገባው ሁሉ ይበልጣል። ባለቤቴ ይህን ያስረዳችው ከእኔ በተሻለ ቋንቋ ነው፤ አንድ ቀን ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሲሰማ መብራት ሲጠፋ፣ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ እየሠራ እሷ ጓሮ እንጨት ስትፈልጥ «ሶላራችሁ ዜና ይጋግራል» አለችን። ከሰልና እንጨት ከቤታችን አልወጡም።

እንደገና

ከሦስት ወር ማመንታት በኋላ በጥር 2017 ነገሩን ከሌላ ጫፍ ጀመርነው። ከደብተሩ የተረዳነው፣ የከተማው ቤት የጎደለው ኃይል ሳይሆን የተቋረጠበትን ሰዓት የሚሻገርበት ስንቅ መሆኑን ነው። በሐምሌ 71 ሰዓት ጠፋ ማለት ከ640 ሰዓት በላይ ነበር ማለት ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ባትሪው በመስመሩ መሞላት ሲችል ፀሐይ እየጠበቀ በግማሽ ሆዱ ይውል ነበር። ስለዚህ ከመስመርም ከፓነልም የሚሞላ አዲስ ኢንቨርተር በ42,000 ብር፣ 2.5 ኪሎ ዋት-ሰዓት የሚይዝ አንድ የሊቲየም ባትሪ በ85,000 ብር ገዛን። ይህ ዓይነቱ ባትሪ አብዛኛው ይዘቱ ቢወጣ አይጎዳም፤ በግማሽ ሆድ መክረምም አያሳምመውም፤ ስለዚህ በቁጥር ግማሽ ቢሆንም ከሁለቱ አሮጌዎች ያላነሰ ይሰጣል። ዋጋው ያማል፤ እኔም ያደረግሁት በእናቴ መድኃኒት ምክንያት እንጂ ለምቾት አይደለም።

ጥላ የማይነካቸውን ሁለት ፓነሎች በ10 ዲግሪ አስቀረን፤ በአቦካዶው ሥር የነበሩትን ሁለቱን አወረድናቸው። ዛፉ አልተቆረጠም።

ፍሪጁንም አሠራሩን ለወጥን። ቀን ቀን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ከታች ወዳለው መደርደሪያ ይወርድና ፍሪጁ ተዘግቶ ያድራል። ኢንሱሊን በረዶ ከሆነም ስለሚበላሽ ጠርሙሱን እንዳይነካ በሩ ላይ ባለው ኪስ ይቀመጣል። ከጤና ባለሙያ ጠይቀን እንደተረዳነው ደግሞ፣ የተከፈተውና በየቀኑ የሚወጋው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ያህል መቆየት ይችላል። ይህን በ2014 ብናውቅ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ግማሹ ባልኖረ ነበር።

በሐምሌ 2017 መብራት 16 ጊዜ፣ በድምሩ 58 ሰዓት ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የጨለመው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ወር ባትሪውን ከሞላው ኃይል ውስጥ ከፓነል የመጣው ሲሶ ያህሉ ነበር፤ የቀረው ከመስመሩ ነው። ይህን ያዩ አንድ ጎረቤት ምክር ሲጠይቁኝ ፓነሉን ትተው ኢንቨርተርና ባትሪ ብቻ እንዲያስገቡ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩባቸው መስሏቸው ነበር፤ ካስገቡ በኋላ ግን እስከ አሁን አልተቀየሙኝም።

ሁለቱ ፓነሎች

የወረዱትን ፓነሎች የወሰድናቸው ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሰቃ ጨቆርሳ በኩል፣ ከመንገድ ገባ ብሎ ወደሚኖሩት አማቴ ቤት ነው። እዚያ ምሰሶ አልደረሰም። አንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ገዝተን፣ አራት አምፖል፣ አንድ ሬዲዮና ስልክ መሙያ ዘረጋንላቸው። ሁሉም ተደምሮ በቀን 250 ዋት-ሰዓት አይሞላም፤ እኛ ቤት ያስለቀሰን ዓይነት የሐምሌ ዝናብ እንኳ ከሁለቱ ፓነሎች ይህን ያህል አያሳጣም። ፓነሉ ከባትሪው ስለሚበልጥ ባትሪው ሳይሞላ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ለኩራዝ ጋዝ፣ ለባትሪ ድንጋይ፣ በገበያ ቀን ስልክ ለማስሞላት በወር 450 ብር ያህል ያወጡ ነበር። በከተማው ቤት ከነዕቃው ወጪውን ለመመለስ 109 ዓመት የሚፈጅበት ያው ፓነል፣ እዚህ ባትሪው ሳይቆጠር የተገዛበትን 18,000 ብር በሦስት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይመልሳል።

ባለፈው ኅዳር የቡና ለቀማ ላይ ሄደን አደርን። ማታ 2 ሰዓት ላይ አማቴ፣ ሁለት ልጆቻቸውና የጎረቤት ሴቶች አምፖሉ ሥር ሰፌድ ይዘው የደረቀ ቡና ይለቅሙ ነበር፤ ቀድሞ ይህ ሥራ ጀምበር ስትጠልቅ ያበቃ ነበር። አማቴ እጃቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ «ለምጣድስ ስንት ያስፈልገዋል?» ብለው ጠየቁኝ። በደብተሩ ጀርባ አስልቼ፣ አሥር ፓነልና የቤቱን ዋጋ የሚያህል ባትሪ እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ከግድግዳው ጋር ወደተደረደረው ፍልጥ እያዩ «እሱ ይቆይ፤ የበሬዎቹ ጋጣ ጋ ግን አንድ አምፖል ጨምርልኝ» አሉ።